ሁለት ሃይላንድ ይዤ ሐይቅ ዳር

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው። ባለፈው ዓመት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በጠዋት መራመድ ጀመርኩ። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ተነስቼ ወደ አሞራ ገደል አቅጣጫ፣ ደርሶ መልስ 40 ደቂቃ።

ሦስት ወር ሲሞላኝ እርምጃው ቀለለኝ። ላብ የሚባል ነገር ጠፋ። ያኔ በእጄ ይዤ ልራመድ ብዬ የወንድሜን ዳምቤሎች፣ የእጅ ብረቶቹን ማለቴ ነው፣ ተዋስኩ። አንዱ 2 ኪሎ ነው።

ስህተቴ እዚህ ጋ ነበር። 2 ኪሎ ቤት ውስጥ ሲያነሱት ምንም አይመስልም። እየተራመዱ ሲያወዛውዙት ግን ክንድ በሄደና በተመለሰ ቁጥር ብረቱ ትከሻን ይጎትታል። በአንድ ጠዋት ስንት ሺህ ጊዜ! በሁለተኛው ሳምንት ቀኝ ትከሻዬ እንቅልፍ ነሳኝ። ነጠላ ማጣፋት እንኳ አቃተኝ።

ሐይቅ ዳር ሁሌ የማገኛቸው ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር አሉ። አንድ ጠዋት አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ትከሻሽ እኮ ጆሮሽ ጋ ደርሷል። እሱን ብረት አስቀምጪው።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ሕመሙ እስኪተወኝ ባዶ እጄን ሄድኩ። ከዚያ በእሳቸው ምክር ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልቼ ያዝኩ። ግማሽ ሊትር ውሃ ግማሽ ኪሎ ነው፤ ሚዛን አያስፈልግም። ሲደክመኝ እጠጣለሁ፣ ሸክሙም ይቀንሳል።

አያያዙን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ክርን እንደ ሯጭ ይታጠፋል። ክንድ ከትከሻ ይወዛወዛል፣ ከደረት በላይ ግን አይወጣም። ጣት ደግሞ ጫጩት እንደያዘ ሰው ላላ ይላል። ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት፤ ጨምድዶ መያዝ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትጀምሩ፣ አደራ። እኔ በመጀመሪያ ሃይላንዱን የያዝኩት ከጉዞው መሐል ላይ ያለውን 10 ደቂቃ ብቻ ነው። አሁን 20 ደርሻለሁ።

ቁርጭምጭሚት ላይ ስለሚታሰረው ክብደትም ጠይቄያቸው ነበር። እሱ አረማመድ ያበላሻል፣ ጉልበትና ዳሌም ይጎዳል ብለው ከለከሉኝ።

ለውጡን እንደሆነ አይቼዋለሁ፤ ትንፋሼ ቶሎ ይፈጥናል፣ ላቤም ተመልሷል። ግማሽ ኪሎ ይዞ በመሄድ ግን ክንድ ይፈረጥማል ብላችሁ አትጠብቁ። ለክንዴ በሳምንት ሁለት ቀን ቤት ቆሜ ዳምቤል አነሳለሁ። ሃይላንዱ እርምጃዬን ካዘገመብኝ ደግሞ ወዲያው ውሃውን ደፋ አደርገዋለሁ። ፈጠን ብሎ መራመድ ይበልጥብኛል።

ሰሞኑን ጋሼን «አሸዋ ልሙላበት?» አልኳቸው። አሸዋ ሲሆን አንዱ ሃይላንድ 800 ግራም ገደማ ይመዝናል። ትከሻዬን ነካ ነካ አድርገው አዩና «ገና ነው» አሉኝ። አሁንም የምይዘው ውሃ ነው።