የአባባ ሸክላ ዛሬ ዘፈነ

የአባባን የሸክላ ማጫወቻ ከሣጥኑ አውጥተን ሳሎን ውስጥ ስንተክል፣ ከወንድም ጋሼ ጋር ስንከራከር ቀኑ መሸ። እሱ «ድምፁ የሳሳው የስፒከሩ ሽቦ ቀጭን ስለሆነ ነው፤ ወፍራም እንግዛ» ይላል። እኔ ደግሞ ሦስት ሜትር ለማይሞላ ርቀት ተራ የመዳብ ሽቦ ይበቃል ባይ ነኝ። አሁንም አቋሜ ይኸው ነው።

ጥፋቱን ያገኘሁት የግራውን ስፒከር ጀርባ በባትሪ ሳይ ነው። ቀዩ ሽቦ በጥቁሩ ቦታ ገብቷል! እንዲህ ሲሆን አንዱ ስፒከር አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል፤ ወፍራሙ የቤዝ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አዙሬ አሰርኩት። ስፒከሮቹንም ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አራቅናቸው።

ከዚያ አባባ መጡ። ሸክላውን በጠርዙ ብቻ ይዘው፣ አቧራውን በለስላሳ ጨርቅ ጠርገው አስቀመጡት። የአምሃ ሪከርድስ ነው፤ በደቂቃ 45 ዙር የሚሽከረከረው ትንሹ ሸክላ። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ደፍሮ ማሳተም ጀመረ። ያ ድፍረት ባይኖር ዛሬ ስንቱን ድምፅ አጥተን ነበር!

መርፌው ሲያርፍ ትንሽ ተንጫጫ፤ ቀጥሎ ቤዙ ወለሉን ይዞ መጣ። ሳክስፎኑ ሊገባ ሲል አባባ እጃቸውን አነሡና «ስሙት፣ ትንፋሽ ሲስብ» አሉ። እውነትም ይሰማል። ሁለተኛውን ፊት ራሳቸው ገለበጡት።