ብሩ እውነተኛ፣ ስህተቱ የሐሰት

አያቴ ጠገራ ብሯን ከመሶብ ወርቋ እኩል ነበር የምትሳሳለት፤ የኔም አመል ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ለንደን ከከተምኩ በኋላ የእንግሊዟን ንግሥት የቀዳማዊት ኤልሳቤጥን የብር ሳንቲሞች መሰብሰብ ጀመርኩ፤ በተለይ ሲመታ የተበላሸውን። ትንሽ ሚዛንና አጉሊ መነጽር ገዛሁ። ስድስት ፔኒ የሚባለውን ሳንቲም ሽልንግ ከሚባለው የሚለዩት ከንግሥቲቱ ራስ ኋላ ያለችው ጽጌረዳና በጀርባው ካለው ጋሻ በላይ የተጻፈው ዓመት መሆናቸውን ተማርኩ። እስከዚህ ቀላል ነው።

ያቃጠለኝ ብሮኬጅ የሚሉት የአመታት ስህተት ነው። ያኔ ሳንቲም የሚሠራው በአብዛኛው በእጅ ነበር፤ የታችኛው ማተሚያ ግንድ ላይ ይተከላል፣ የላይኛው በእጅ ተይዞ በመዶሻ ይመታል። አንዳንዴ የተመታው ሳንቲም ከላይኛው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ሠራተኛው ሳያይ ቀጣዩን ገና ያልታተመ ብር ከመታ፣ ከታች የንግሥቲቱ ፊት እንደ ወጉ ይወጣል፤ ከላይ ደግሞ ያው ፊት ጎድጉዶና ተገልብጦ ይታተማል። ጋሻ የሚባል አይኖርም።

አንድ የሳንቲም ገበያ ላይ እንዲህ ያለ እ.ኤ.አ. የ1571 ስድስት ፔኒ አየሁ። ዋጋው 380 ፓውንድ። ሁሉም የሚመክረው «መጀመሪያ መዝን» ነውና መዘንኩ፤ ሦስት ግራም ገደማ፣ ልክ ነው። ከፈልኩ።

ማታ መብራት ሥር ሳገላብጠው ከጎደጎደው ፊት ሥር የጋሻው መስመር ብቅ ይላል። በወዲያኛው በኩል የንግሥቲቱ አፍንጫና ጉንጭ ተደፍጥጧል። አንዱ ጮሌ ጤነኛ ሳንቲም ከሌላው ጋር አነባብሮ በሞርሳ ጨምቆታል! ሚዛን ምን ያድርግ? ብሩ የዘመኑ ነው፣ ቅንጣት አልጎደለም።

ይዤው ተመለስኩ። ነጋዴው ደረሰኙን አነበበልኝ፦ «የ1571 ስድስት ፔኒ። ይኸው፣ እጅህ ላይ ነው።» ስለ ስህተቱ አንድ ቃል አላስጻፍኩም። ከሱ ይልቅ ዛሬም የሚያናድደኝ የራሴ ቂልነት ነው።

ስለዚህ ሚዛኑን ለመጨረሻ አቆዩት፤ መጀመሪያ ገልብጡና የጋሻ ርዝራዥ ፈልጉ። ሻጩ «ብሮኬጅ» ብሎ ካልጻፈ ጥላችሁ ሂዱ። ሁለቴ ተመትቶ ፊቱ የተደራረበውንም «ብርቅ ስህተት» ብለው ቢያስወድዱባችሁ አትስሙ፤ መዶሻው እ.ኤ.አ. በ1662 ለማሽን እስኪለቅ ድረስ ያ የዘወትር ነገር ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ እውነተኛውን በ210 ፓውንድ አገኘሁ። የተጨመቀው ግን አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ልሸጠው አስቤ ነበር፤ ደረሰኙ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?