የአክሱም ቤት ሞዴል፦ ግድግዳው ያለ ሙጫ ቆመ!

ስንት ጊዜ የፈረሰብኝ የጥንቱ የአክሱም ቤት ሞዴል በመጨረሻ ቀጥ ብሎ ቆመልኝ። አንድ ግድግዳ ከነ በሩ። ድንጋይ፣ ጭቃና እንጨት ብቻ፤ ጠብታ ሙጫ የለበትም። ደስታው ለብቻዬ አልያዝ ብሎኝ ነው የምጽፍላችሁ።

አጀማመሬን አላንዛዛም። እንደ ብዙዎቻችሁ የሐውልቶቹ ፎቶ ለከፈኝ፤ ከዚያ የነገሥታቱን ስም ማጥናት፣ አክሱም ያለውን የዱንጉርን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ፕላን በካሬ ወረቀት መገልበጥ። የኢዛና ሳንቲም ላይ የጨረቃዋ ቦታ በመስቀል ሲተካ ማየት ደስ ይለኛል። የተረፈው የነገሥታት ዝርዝር ግን ዛሬም አይገባልኝም። ልቤን የወሰደው ቤቱ ነው።

ሐውልቶቹም እኮ ቤት ናቸው። የወደቀው 33 ሜትሩ ሐውልት 13 ፎቅ ነው የተቀረጸበት። ከሮም ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2008 ዳግም የቆመውን 24 ሜትሩን ደግሞ ቀና ብላችሁ እዩት። በየፎቁ መሀል የተደረደሩት ክብ ክብ ነገሮች ጌጥ ይመስላሉ። የእውነተኛው ቤት ግድግዳ ላይ ግን የእንጨት ጫፎች ነበሩ፤ «የዝንጀሮ ራስ» የምንላቸው።

ፍዳዬን ያሳዩኝም እነሱ ናቸው። ግንበኛው ድንጋዩን በጭቃ እየደረደረ ትንሽ ከፍ ሲል፣ በግድግዳው ርዝመት በውስጥም በውጭም በኩል እንጨት ያጋድማል። በዚያ ላይ አጫጭር ክብ እንጨቶችን በግድግዳው ውፍረት አሻግሮ ያስቀምጣል። ሁለቱን ፊቶች አጥብቀው የሚይዙት እነዚህ ናቸው። እነሱን ትቼ የገነባሁት ግድግዳ ጭቃው ሳይደርቅ ሆዱን ነፍቶ ተዘረገፈ።

ክቡ እንጨት ከተጋደመው ጋር እንዲቆላለፍ ከሥሩ መጎድጎድ አለበት። ጉድጓዱ ካነሰ ይንከባለላል፤ ከበዛ ቀጭ ይላል። በቢላ ስሞክር እንጨቱ በቁመቱ ይሰነጠቃል። የገላገለኝ መጋዝ የሚሞረድበት ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ዳር በቀጭን መጋዝ ነካ፣ ከዚያ መሀሉን በሞረድ ቀስ እያሉ መብላት። ልክ ሲሆን «ቀጭ» ሳይል ጥብቅ ብሎ ይገባል፤ በአውራ ጣት ብትገፉት ንቅንቅ አይልም። ይህን ሞረድ ለማንም አላውስም!

ስለ ሙጫ ያለኝን አቋም ልናገር፦ ሙጫ የነካው ሞዴል ምንም አያስተምርም። ግድግዳው ለምን እንደቆመ የሚነግራችሁ ሲፈርስ ነው። በኮምፒውተር የሚሠሩትን ሥዕሎችም አከብራለሁ፤ ግን ኮምፒውተር ላይ እንጨት አይሰነጠቅም።

ለጀማሪ የምመክረው በበሩ እንዲጀምር ነው። የበሩ ማዕቀፍ በአራቱም ማዕዘን ወደ ውጭ የሚወጣ ጫፍ አለው፤ እሱ ደግሞ ክብ ሳይሆን አራት ማዕዘን ስለሆነ ለእጅ ይቀላል። አሠራሩን በዓይን ማየት ለሚፈልግ ተራራ ላይ ያለው የደብረ ዳሞ ገዳም ከሁሉ ይበልጣል። ሴቶች ስለማንወጣበት እኔ ያየሁት በላሊበላ አቅራቢያ ያለውን የይምርሃነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዋሻው ውስጥ እንጨቱና ነጩ ልስን ተራ በተራ ተነባብረው ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እዚያ ስትሄዱ ፊት ለፊቱን ብቻ ፎቶ አንስታችሁ አትመለሱ፤ ማዕዘኖቹን አንሱ።

አሁን የቀረኝ በደረጃ እየጠበበ የሚወጣው የድንጋይ መሠረት ነው። ግድግዳው ገባ ወጣ ስለሚል መሠረቱም አብሮት ይታጠፋል፤ እጥፋቱ ላይ ድንጋዮቹ አልገጥም ብለውኛል። የሞከራችሁ ካላችሁ የማዕዘን ድንጋዩን እንዴት እንደጠረባችሁት በፎቶ አሳዩኝ።