የሃይደልበርጉ እሹሩሩ

ቅዳሜ ልጄን በጋሪ ይዤ ጀርመን ውስጥ ባለችው ሃይደልበርግ ከተማ ዋልኩ። አሮጌው ድልድይ ላይ ቆሜ ከወንዙ ማዶ የቤተ መንግሥቱን ፍርስራሽ ሳይ ቆየሁ። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1689 እና በ1693 አፈራረሰው፤ በ1764 ደግሞ መብረቅ መታው። ቀዩ ድንጋይ አሁንም ዓይን ይይዛል። ሮማንቲክ የሚባሉት የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገጣሚዎች እንዲህ ያለ ነገር ሲወዱ!

እኔን ግን እዚያ ድረስ የወሰደኝ የልጄ መጫወቻ ነው። ገመዱን ስስበው የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የብራምስን እሹሩሩ ይጫወታል። ብራምስ ዜማውን የሠራው በ1868 ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ግን ከዚያ ይቀድማል፤ በ1808 እዚህ ሃይደልበርግ ከተዘጋጀ የሕዝብ ዘፈኖች መድበል የመጣ ነው። «ነገ ጠዋት፣ እግዜር ከፈቀደ፣ ትነቃለህ» ይላል። እናቴም «እግዜር ካለ» ሳትል ስለ ነገ አታወራም።

መድበሉን ያዘጋጁት ክሌመንስ ብሬንታኖና አኺም ፎን አርኒም የሚባሉ ሁለት ወጣት ጓደኛሞች ናቸው። ከድሮ መጻሕፍት፣ ከበራሪ ወረቀትና ከሰው አፍ ሰበሰቡ። ሦስት ቅጽ፣ ሰባት መቶ ገደማ ዘፈን። ብዙውን እንደፈለጋቸው አርመውታል፤ ይሄ ትንሽ ቅር ይለኛል። ቢሆንም ባይጽፉት ኖሮ ስንቱ ጠፍቶ ይቀር ነበር። በ1386 በተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ በነዚያው ዓመታት ጸሐፊው ጎረስ ያስተምር ነበር፤ ገጣሚው አይሸንዶርፍም በ1807 ለትምህርት መጣ።

ከሁሉም ልቤን የነካችው ግን የብሬንታኖ ሚስት ሶፊ ሜሮ ናት። ራሷ ገጣሚና ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበረች። ከብሬንታኖ የወለደቻቸው ሁለት ልጆች በተወለዱ በሳምንታት ውስጥ ሞቱባት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1806 ደግሞ በሦስተኛው ምጥ እሷም ሕፃኑም አለፉ። 36 ዓመቷ ነበር። እዚሁ ከተማ ውስጥ።

የልጆች ዘፈኖቹ የወጡት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሦስተኛው ቅጽ መጨረሻ ላይ ነው። ሚስቱንና ልጆቹን የቀበረ ሰው እሹሩሩ ሲለቅም፣ ሲያስተካክል፣ ለማተሚያ ቤት ሲያሰናዳ ታየኝ። ያቺን «እግዜር ከፈቀደ» የምትል መስመር ሲያነብ ምን ተሰምቶት ይሆን? ድልድዩ ላይ እንባዬ መጣ።

ማታ ልጄን ሳስተኛ ገመዱን አልሳብኩትም። ዜማውን በራሴ ድምፅ አንጎራጎርኩላት፤ ቃሉን በአማርኛ አድርጌ። እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላም እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ትንፋሿን ሳዳምጥ ብዙ ቆየሁ።