ልዩነቱን ማን ለካው?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሲከፋኝ ዋለ። አንድ ሰው ስብሰባ ላይ "ሴቶች በተፈጥሯችሁ ርኅሩኆች ናችሁ፣ የቅሬታውን ነገር አንቺ ያዢው" አለኝ። ማሞገሱ ነው። ሁሉም ፈገግ አለ።

ማታ ላይ ግን ሰውዬውን ትቼ ሐሳቡን ማብሰልሰል ጀመርኩ። እውነት እንለያያለን? ፌሚኒስቶች ራሳቸው በዚህ ተስማምተው አያውቁም። እንግሊዛዊቷ ጸሐፊ ሜሪ ዎልስቶንክራፍት እንደ ፈረንጆቹ በ1792 ሴት ደካማ የምትመስለው በቂ ትምህርት ስለተነፈገች ነው ብላ ጻፈች። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ካሮል ጊሊጋን ደግሞ በ1982 በሌላ በኩል መጣች። የሥራ ባልደረባዋ የነበረው ሎውረንስ ኮልበርግ የሰው ልጅ የሥነ ምግባር እድገት ደረጃዎችን ሲያወጣ መጀመሪያ ያጠናው ወንዶች ልጆችን ብቻ ነበር። ከዚያ ሴቶቹ በዚያው መለኪያ ይመዘኑና ዝቅ ያሉ ይመስላሉ! ጊሊጋን የሴቶቹ ድምፅ ሌላ ነው እንጂ ያነሰ አይደለም አለች፤ ከደንቡ በፊት ማን ይጎዳል ብሎ የሚጠይቅ ድምፅ።

ይህን ሳነብ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ፍርሃት ፍርሃት ይለኛል። "እናንተ አዛኝ ናችሁ" እየተባለ ስንት ሴት ላይ ደመወዝ የሌለው ሥራ ተጭኗል።

ልዩነት የለም ብሎ መዝጋትም አይሆንልኝም። ዞልፒዴም የሚባለውን የእንቅልፍ መድኃኒት ብቻ ማየት ይበቃል። ለዓመታት ለወንድም ለሴትም እኩል መጠን ሲታዘዝ ኖሮ፣ በ2013 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የሴቶቹ መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም ይውረድ አለ። የሴት ሰውነት ቀስ ብሎ ነው የሚያስወግደው። ጠዋት ተነስታ መሪ ስትጨብጥ መድኃኒቱ ገና ደሟ ውስጥ አለ። ያን ሁሉ ጊዜ ስንቷ እንደዚያ ሆና መኪና ነዳች? እዚህ ጋ ልዩነታችን ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። ሥራ ሲከፋፈል ግን ሁሉም ያስታውሰዋል። የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

ልጅ ሆነን ወንድሜ ሲያለቅስ "ወንድ አይደለህ እንዴ!" ይሉት ነበር፤ ወደ እኔ ዞረው ደግሞ "አባብዪው"። አሁንም ሰው ሲያለቅስ ካየሁ ሳላስበው እጄ ይዘረጋል። ይሄ እጅ ከእኔ ጋር የተወለደ ነው ወይስ ያ ሁሉ "አባብዪው" የሠራው? ወንድሜስ አንድ ቀን እንኳ አባብል ተብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን ዓይነት ሰው ይሆን ነበር?