ድምፅ የሌለው መኪና

መንገድ የምሻገረው በጆሮዬ ነው። አይሱዙ ገና ሳይደርስ መሬቱ ይነግረኛል። ባጃጅማ ከመታጠፊያው ማዶ ይታወቃል። ወያላው «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» ሲል ፌርማታው የት እንዳለ አውቃለሁ። ሰው በጩኸቱ ይማረራል፤ እኔ ግን እመርቀዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት በእግረኛ መንገድ እየሄድኩ ነበር። ሰፈሩ ጭር ብሏል። በድንገት የበትሬ ጫፍ ለስላሳ ነገር ነካ። ጎማ ነው፤ ደግሞ ይዞራል! በትሩ ከእጄ ተነጥቆ ሄደና ቀጭ ሲል ሰማሁት። ከግቢ እየወጣ የነበረው ሹፌር መስኮቱን አውርዶ «አይታይህም እንዴ?» ብሎ ጮኸ። «አዎ፣ አይታየኝም» አልኩት። ወዲያው ወርዶ ይቅርታ ሲለኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። መኪናው የኤሌክትሪክ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እነዚህ መኪኖች በዝተዋል። ጭሱ ቢቀንስ እኔም አልጠላም። ደግሞ በፍጥነት ሲሄዱ ችግር የለም፤ ጎማቸው ከአስፋልቱ ጋር ሲፋተግ ይሰማል። የሚጠፉብኝ ቀስ ሲሉ ነው። ከግቢ ሲወጡ፣ ሲታጠፉ፣ ወደኋላ ሲሉ። እግረኛ ያለው ደግሞ እዚያው ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንኛውም አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ድምፅ የማሰማት ግዴታ አለበት። እኛም ጋ አንዳንዱ «ሹው» የሚል ድምፅ አለው፤ እሱን ለምጄዋለሁ። ሌላው ግን ምንም የለውም።

ክረምት ሲገባ ይብሳል። ዝናቡ ቆርቆሮ መደብደብ ከጀመረ የነዳጁንም መኪና አልሰማውም። ያኔ ሰው እለምናለሁ። ሳልለምን ክንዴን ይዞ የሚጎትተኝም አለ፤ ታክሲ እየጠበቅኩ ያለፍላጎቴ ተሻግሬ፣ ማዶ ቆሜ «እግዜር ይስጥልኝ» ያልኩበት ጊዜ አለ። ክንድ መያዝ ያለብኝ እኔ ነኝ። ያኔ የሚመራኝ ሰው ደረጃ ሲወርድም ጉድጓድ ሲዞርም ከሰውነቱ እንቅስቃሴ አውቀዋለሁ።

ነጭ በትር እንደ ጃንጥላ በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ሌላ እስካገኝ ድረስ የወንድሜን ልጅ ይዤ እወጣለሁ። እሱ ደግሞ ስልኩን እያየ ነው የሚሄደው። ትናንት «ጋሼ፣ ቀስ በል» ያለኝ ራሱ ከግንድ ጋር ከተላተመ በኋላ ነው።