ከሴንትራል ፓርክ ሣር ሥር

ዛሬ ኒውዮርክ፣ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሰው ሁሉ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲሞቅ እኔ ምዕራብ በኩል፣ 85ኛው ጎዳና አካባቢ፣ አንድ ሰሌዳ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። ቦታው ሴኔካ ቪሌጅ የሚባል የጥቁሮች መንደር ነበር ለካ! እ.ኤ.አ. በ1825 አንድሪው ዊሊያምስ የሚባል የ25 ዓመት ሊስትሮ ሦስት ቁራሽ መሬት በ125 ዶላር ገዛ፤ ሌሎችም ተከተሉ፣ ቤት ሠሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ተከሉ፣ ትምህርት ቤት ከፈቱ። መሬቱ ደግሞ መኖሪያ ብቻ አልነበረም። ያኔ በኒውዮርክ ጥቁር ወንድ ለመምረጥ የ250 ዶላር ንብረት ሊኖረው ግድ ነበር። ነጩ ይሄ አይጠየቅም።

ከዚያ ከተማው ፓርክ አማረውና 225 ገደማ ሰዎች የነበሩበት መንደር በ1857 ፈረሰ። በእኛ አነጋገር የልማት ተነሺ ሆኑ በሉት። ለባለ ንብረቶቹ ካሳ ተከፍሏል፣ አንሶናል ያሉም ነበሩ። እኔን ያበሸቀኝ የዘመኑ ጋዜጦች ነገር ነው፤ የገዛ መሬቱ ላይ የሚኖረውን ሰው ሳይቀር ሕገወጥ ሰፋሪ እያሉ ይጽፉ ነበር። ሰነድ ይዞ እኮ ነው!

እ.ኤ.አ. በ2011 አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው የብረት የሻይ ማንቆርቆሪያና ሶሉ ቆዳ የሆነ ትንሽ ጫማ አግኝተዋል። እዚያ የምትሄዱ ካላችሁ በ85ኛው በኩል ግቡ፣ ሰሌዳዎቹን ተራ በተራ አንብቡ።